ሳንቲሙን ከክንዱ ላይ አንሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሸክላ ሙዚቃ እንደገና ወዳጅ ማግኘቱን አስመልክቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብነው። ጉዳዩን ማንሳታችሁ መልካም ነው፤ ጥቂት ቦታዎች ላይ ግን እርማት ያስፈልገዋል። የማጫወቻው መርፌ ሲዘል መርፌውን በያዘው ክንድ ጫፍ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ እንደ መፍትሔ ቀርቧል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የ1960ዎቹ ሸክላዎች «ከዕድሜ ብዛት» ድምፃቸው እየሻከረ መምጣቱ ተጽፏል። ዕድሜ ሸክላን ብዙም አይጎዳውም። ከሙቀት ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የተቀመጠ የቪኒል ሸክላ 50 ዓመት ኖሮም ጥርት ብሎ ይዘፍናል። የሚጨርሰው ያለቀ መርፌና ከልክ በላይ የተጫነበት ክብደት ነው፤ ማለትም ያው ሳንቲሙ። ይህን ለማመን ድምፁ መርፌዋ ከምትሄድበት፣ ሸክላው ላይ ከተቀረጸው ቦይ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ይበቃል።

ሸክላ ላይ በዓይን ብዙ ክብ መስመሮች ይታያሉ። በአንድ ገጽ ላይ ያለው ግን አንድ ቦይ ብቻ ነው። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሀል እንደሚፈሰው፣ ቦዩም ከዳር ጀምሮ እየተጠመዘዘ ወደ መሀል ይገባል። ስፋቱ በደቂቃ 33 ዙር በሚዞረውም ሆነ 45 ዙር በሚዞረው ሸክላ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ የራስ ፀጉር ከዚህ ይወፍራል። ቦዩ አግድም ተቆርጦ ቢታይ የተገለበጠ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል፤ ሁለቱ ግድግዳዎች 90 ዲግሪ ሠርተው ታች ይገናኛሉ። የመርፌዋ ጫፍ ድቡልቡል ስለሆነች ወለሉ ድረስ አትወርድም። ግራና ቀኝ ያሉትን ግድግዳዎች ተደግፋ ነው የምትሄደው።

ግድግዳዎቹ ደግሞ ቀጥ ያሉ አይደሉም። ዘፈኑ ሲቀዳ አየሩ የተርገበገበበት መልክ ተቀርጾባቸዋል። የክራር ጅማት በሰከንድ 400 ጊዜ ከተርገበገበ፣ ግድግዳው መርፌዋን በሰከንድ 400 ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዘውዛታል። ድምፁ ከፍ ሲል ውዝዋዜው ይሰፋል፤ ሲቀጥን ይፈጥናል። ሌላ ምስጢር የለውም።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከዙሩ ነው። ሸክላው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ቦዩ ከመርፌዋ ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት እኩል አይደለም፤ ዳሩ ትልቅ ክብ፣ መሀሉ ትንሽ ክብ ነውና። በባለ 45 ዙሯ ትንሿ ሸክላ ቦዩ ዳር ላይ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ወደ 25 ይወርዳል። በትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ ደግሞ ከ51 ተነሥቶ እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የ10,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ አንዷ ሞገድ በትልቁ ሸክላ ዳር ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ቦታ ነበራት፤ መጨረሻው ላይ 0.02 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተጨናንቃ ትገባለች። ያለቀች መርፌ እዚያ ጠባብ ጥምዝ ውስጥ መግባት ስለማትችል ግድግዳውን እየገረዘች ታልፋለች። እንዲህ ያለውን ቀጭን ፉጨት በብዛት የሚያመጡት ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ጨ ናቸው። ስለዚህ መርፌ መፈተን የፈለገ ሰው የገጹን የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ ዘፈን ያዳምጥ። «ጸጸት» ወይም «ስስት» የሚል ቃል ሲመጣ ወረቀት የሚቀደድ ከመሰለ፣ መርፌዋ አልቃለች ወይም ክብደቱ ተዛብቷል። ሌላ ሸክላ ላይም ያው ከሆነ ጥርጥር የለውም።

ውዝዋዜው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌዋን በያዘው ትንሽ ዕቃ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ነው። የመርፌዋ ጫፍ የሆነችው አልማዝ ቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተጣብቃለች፤ በዘንጓ ሌላ ጫፍ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ማግኔት አለ። መርፌዋ ስትወዛወዝ ማግኔቱ በሁለት የሽቦ ጥቅልሎች መካከል ይርገበገባል፤ ጥቅልሎቹም ላይ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። የሚወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ከድንጋይ ባትሪ ጋር ብናወዳድረው 1.5 ቮልቱ ከዚህ ቢያንስ 300 ጊዜ ይበልጣል። ርካሽ የሆኑትና የድሮዎቹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻዎች ማግኔት የላቸውም፤ ሲጨነቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሴራሚክ ወይም ክሪስታል ነው ያላቸው። እነዚህ ከአንድ መቶ ሚሊ ቮልት እስከ አንድ ቮልት ያህል ስለሚሰጡ በትንሽ አምፕሊፋየር ይሠራሉ። የክሪስታሉ ችግር እርጥበት መምጠጡ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ አብዛኛው ክሪስታል በውስጡ ሟምቶ ድምፁ ጠፍቷል፤ መርፌ መለወጥ አያድነውም፣ ካርትሪጁ ራሱ ነው የሚለወጠው።

እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ «ሸክላ ድምፁን ሳይነካካ እንዳለ ያስቀምጣል» ማለቱ ትክክል አይደለም። ቢነካካ ነው የሚሻለው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። መርፌዋ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ብትወዛወዝ፣ በ1,000 ኸርዝ ከመሀል ወደ አንድ ጎን የምትሄደው 0.008 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ፍጥነት የ50 ኸርዝ ቤዝ ቢሆን ግን 0.16 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች፤ ያ ደግሞ የቦዩን የጎረቤት ዙር ጥሶ መግባት ነው። ስለዚህ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከአቧራው ንኮሻ በላይ እንዲሰማ ይጨመራል። ሲጫወት በተቃራኒው ይመለሳል፤ ከ1,000 ኸርዝ አንጻር 20 ኸርዝ ላይ ያለው 9 ጊዜ ያህል ይጎላል፣ 20,000 ኸርዝ ላይ ያለው በዚያው ልክ ይቀነሳል። መጠኑን እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ወስኖት ዓለም ተቀብሎታል፤ በሙያው «ሪያ» ይባላል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ የሚሠራው ይህንን ነው።

ወደ ጥገና ከሚመጡት ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚነሡት ከዚሁ ቀዳዳ ነው። ባለ ማግኔት ካርትሪጅ ተራ በሆነው የድምፅ መግቢያ፣ «ኦክስ» ላይ ከተሰካ ድምፁ ሩቅና ቀጭን ይሆናል፤ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። ሴራሚኩ «ፎኖ» ላይ ከተሰካ ደግሞ ይጮኻል፣ ይሻክራል። ማጫወቻው ራሱ ውስጡ ማጉያ ካለውና ከጀርባው ያለው ማብሪያ «ላይን» ላይ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ላይ ፎኖ ሳይሆን ኦክስ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት ጊዜ ሲጎላ ማንም ስፒከር አይችለውም። «ህምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካለ፣ ከሁለቱ የድምፅ ገመዶች ጋር የሚመጣውን ቀጭን የኧርዝ ሽቦ ፈልጋችሁ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ባለችው ብሎን ሥር አጥብቁት። አምስት ሚሊ ቮልት የሚሰማ መሣሪያ የመብራቱን 50 ኸርዝም ይሰማል።

አሁን ወደ ሳንቲሙ እንመለስ። ባለ ማግኔት ካርትሪጅ በአብዛኛው የሚፈልገው ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚያርፈው የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ በምትሆን ነጥብ ላይ ነው። ግድግዳዎቹ ዘቅዘቅ ያሉ ስለሆኑ 2 ግራሙ በእያንዳንዳቸው ላይ 1.4 ግራም ሆኖ ይጫናል፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሰላ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ቪኒሉ መርፌዋ ስታልፍ በጥቂቱ ይረግባል፣ ካለፈች በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚችለው ይህን ያህል ነው። ላዩ ላይ 5 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ሲጨመር የመርገብና የመመለሱ ነገር ያበቃል፤ ቪኒሉ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ጥቃቅኑ ሞገድ ነው። ድምፁ ለጊዜው ስለማይዘል ባለቤቱ ተሳክቶልኛል ይላል። ከ20 ጊዜ በኋላ «ሸክላው አርጅቷል» የሚባለው ይሄው ነው።

ሳንቲሙ ሌላም ነገር ያበላሻል። መርፌዋ የተሰቀለችበት ላስቲክና የክንዱ ክብደት አብረው እንደ ዥዋዥዌ ናቸው፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መወዛወዝ ነው የሚስማማቸው። ክብደት ሲጨመር ይህ ቁጥር ይወርድና የተጣመመ ሸክላ ክንዱን ወደሚያነሳበትና ወደሚያወርድበት ፍጥነት ይጠጋል። ስለዚህ ጠማማ ሸክላ ላይ ሳንቲም የባሰ ያዘልላል። ዘንጓም ወደ ላይ ተለጥፋ ማግኔቱ ከጥቅልሎቹ መሀል ይወጣል።

መርፌ የሚዘልበትን ምክንያት መፈለግ ከሳንቲም ይልቅ አሥር ደቂቃ ብቻ ይጨምራል። መጀመሪያ ማጫወቻው የተቀመጠበት ጠረጴዛ በውኃ ልክ ይታይ፤ ሸክላው የሚያርፍበት የሚዞር ሳህን ላይ ትንሽ የውኃ ልክ አስቀምጦ ዙሪያውን ማየት ነው። ቀጥሎ መርፌዋ ዙሪያ የተጠቀለለ የአቧራ ጥጥ ካለ በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጠረግ፤ ወደ ጎን ከተጠረገ ዘንጓ ትሰበራለች። ከዚያ የክንዱ ሚዛን። የፀረ ስበት ማስተካከያውን («አንቲ ስኬቲንግ» የሚባለውን፣ ክንዱ ወደ መሀል እንዳይሳብ የሚይዘውን) ዜሮ ላይ አድርጉ፤ የመርፌዋን ክዳን አውልቁ፤ ከኋላ ያለውን ክብ ሚዛን ክንዱ በአየር ላይ አግድም ተንሳፍፎ እስኪቆም ድረስ አዙሩት። እዚህ ጋ ሚዛኑን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቀለበት ብቻ ይዛችሁ ዜሮ ላይ አምጡት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አብሮ በማዞር ነው። አሁን ሚዛኑንና ቀለበቱን አንድ ላይ ካርትሪጁ የሚፈልገው ግራም ላይ አድርሱት። ልክን ማብዛት አይደለም ጉዳቱ ብቻ፤ ማሳነስም ይጎዳል። አንድ ግራም ብቻ የተጫነባት መርፌ ከቦዩ እየተነጠለች ግድግዳውን ትቀጠቅጠዋለች። ከተፈቀደው ልክ ወደ ላይኛው ጫፍ መጠጋት ይሻላል።

የፀረ ስበቱ ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም። የክንዱ ራስ ወደ ውስጥ ትንሽ ዞሮ ስለተሠራ፣ ቦዩ መርፌዋን በጎተታት ቁጥር ክንዱ ወደ መሀል ይሳባል። ፀረ ስበቱ በተመጣጣኝ ኃይል ወደ ውጭ ይይዘዋል። መነሻው ከመርፌው ክብደት ጋር እኩል ቁጥር ነው፤ ለ2 ግራም 2። ዜሮ ላይ ከተረሳ መርፌዋ የውስጠኛውን ግድግዳ ትጫንና ከግራው ስፒከር ይልቅ የቀኙ ቀድሞ ይሻክራል። ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚዘል ሸክላ ካለ ከዚህ ጀምሩ። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ቃል የሚደጋግም ከሆነ ግን ጭረት ወይም የደረቀ ቆሻሻ ነው፤ አልያም የክንዱ መሽከርከሪያ ከብዷል።

ከላይ የግራና የቀኝ ግድግዳ ነገር ስላነሣን በጽሑፋችሁ የሰም በርሜልና ጠፍጣፋ ዲስክ የተቀላቀሉበትን አንድ ታሪክም እናስተካክል። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክ የላኩት የድምፅ መልእክት፣ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1899 የሰጡት መልስ የተቀዱት በሰም በርሜል ላይ ነው። እዚያ መርፌዋ የምትሄደው ግራና ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ሀገር ያስቀዷቸው ጠፍጣፋ ዲስኮች ግን ግራና ቀኝ የሚሄዱ ናቸው። ሁለቱ አሠራሮች የግራና የቀኝ ስፒከር የየራሳቸው ድምፅ በሚኖራቸው በስቴሪዮ ተገናኙ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ባመለከተው የፈጠራ መብት፣ ለማዕከሉ የቀረበው ግድግዳ የግራውን ድምፅ፣ የውጭኛው የቀኙን እንዲይዝ ሆነ፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ የስቴሪዮ መርፌ ግራና ቀኝም፣ ላይና ታችም ትሄዳለች። ለዚህም ነው ጫፏ ከሞኖዋ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ብቻ ላለው ሸክላ ከተሠራችው መርፌ ይልቅ የምትቀጥነው።

የተሰማ ዘመን ሸክላዎች በ78 ዙር የሚታወቁት ናቸው፤ ፍጥነቱ በዚያ ጊዜ ገና ቁርጥ ያለ ደንብ ስላልነበረው ከ78 በታች የሚስማማቸውም አሉ። ቦያቸው ከቪኒሉ ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። የ45ቷን መርፌ ብታሳርፉበት ወለሉ ላይ እየተንከባለለች የምትሰጠው የአሸዋ ድምፅ ነው፤ ጫፏ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ያላት የ78 መርፌ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ደግሞ ባለ ቀንዱ፣ በእጅ የሚጠመዘዘው ግራሞፎን ላይ የቪኒል ሸክላ በፍጹም አይቀመጥም። ያ መሣሪያ ኤሌክትሪክ የለውም፤ የመርፌው ውዝዋዜ በቀጥታ ቀጭን ገበታ እየመታ በቀንዱ ይወጣል። ለዚያ ጉልበት ከ100 ግራም በላይ ይጫናል፣ መርፌውም የብረት ነው። የ78ቱ ሸክላ ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ ስላለ መርፌውን ሞርዶ በልኩ ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው የብረት መርፌ በአንድ ገጽ አንድ የሚባለው። ቪኒሉ ላይ ግን አንድ ጊዜ መጫወት ማለት ማረስ ነው።

ለአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ይሰጣታል፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በባለ ሻንጣዎቹ ላይ የሚገጠሙት የሰንፔር መርፌዎች ግን ጥቂት አሥር ሰዓታት ብቻ ነው የሚቆዩት። ታሪኩ የማይታወቅ ማጫወቻ የገዛ ሰው፣ ላዩ ላይ ያለችው መርፌ አልቃለች ብሎ ይጀምር።

አሁን ደግሞ ከአሜሪካ ስለሚመጡት ማጫወቻዎች። ዘመድ ያመጣው ወይም በዕቃ የተላከው ማሽን 110 ቮልት ስለሆነ ሰው ኮንቨርተር ገዝቶ ይሰካል፤ ይበራል፣ ይዞራል፣ ግን ዘፈኑ ይጎተታል። ኮንቨርተሩ 220ውን ወደ 110 አወረደ እንጂ ድግግሞሹን አልነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። የድሮዎቹ ሞተሮች የሚዞሩት በዚህ ድግግሞሽ ልክ ስለሆነ 33 ከሲሶው ወደ 27.8 ዙር፣ 45ቱ ወደ 37.5 ዙር ይወርዳል። ዜማው ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ወንድ መሽተት ትጀምራለች። «ቺንጋው ረግቧል» ተብሎ አዲስ ቺንጋ ቢገዛም አይድንም። የሞተሩ ፑሌጃ በ50 ኸርዝ ልክ፣ ማለትም በዲያሜትር 1.2 እጥፍ ሆኖ መለወጥ አለበት። በአዳፕተር የሚሠሩት ባለ ዲሲ ሞተሮች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ባለ ነጠብጣብ ወረቀት ሳህኑ ላይ አድርጎ በድሮው ረጅም ፍሎረሰንት መብራት ማየት ነው። ለ50 ኸርዝ የተሠራው ወረቀት ለ33ቱ 180 ነጠብጣብ አለው፤ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው። 216 ነጠብጣብ ያለው የአሜሪካ ነውና አያገለግልም። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ስለማይርገበገቡ በነሱ ምንም አይታይም።

ስለ ማጠብ አንድ ነገር ብለን እናብቃ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ሸክላ ያሳዝናልና። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» ስለምንል ሰው አንድ ዓይነት ይመስለዋል። ቪኒሉ ሲያጎብጡት ይታጠፋል። የ78ቱ ከባድ ነው፣ ሲወድቅ እንደ ጀበና ይሰበራል። ይህኛው የተሠራው በአልኮል ከሚሟሟ ሙጫ ስለሆነ አልኮል አይንካው፤ አረቄ ነክሮ መጥረግ ማለት ድምፁን በጨርቁ ላይ መውሰድ ነው። ለሁለቱም የሚሆነው ንጹሕ ዲስትልድ ውኃ ነው። ጋራዥ አካባቢ የሚገዛ ሰው የተሰጠው ውኃው እንጂ አሲዱ አለመሆኑን ጠርሙሱ ላይ ያንብብ። በአንድ ሊትር ውስጥ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ እንጂ ከመሀል ወደ ዳር አይታሽም፤ መሀል ያለው ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቅቆ በዲስትልድ ውኃ ብቻ ይለቀለቃል፤ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠርጎ ቆሞ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ኖራ ስለሚተው መለቅለቂያ አይሁን።

አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ውጭ ሀገር የታተሙ ናቸው፤ በእጃችን ያለው አንድ ቅጂ በመርፌ ከታረሰ ልክ እሱን የሚተካ ከየትም ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚፈልግ ሰው መርፌ ሳይለውጥ አይጀምር። ሸክላው ሞኖ ከሆነ ደግሞ አምፕሊፋየሩን «ሞኖ» ላይ ያድርገው። የሞኖው ዘፈን ያለው ግራና ቀኝ በሚሄደው ውዝዋዜ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ላይና ታች የሚመጣው የአቧራና የጭረት ንኮሻ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ምንም ዓይነት ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት ግማሹ ጩኸት በዚህች አንዲት ማብሪያ ይቀንሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ